ሐርሞኒክ ባላንሰር፦ በከፍተኛ ዙር ለሚሠራ ሞተር አመራረጡ

ሐርሞኒክ ባላንሰር በመኪና ሞተር የፊት ገጽ፣ ክራንክ ሻፍቱ ከብሎኩ ብቅ በሚልበት ጫፍ ላይ የሚታሰር የንዝረት ማርገቢያ ነው። በኢትዮጵያ ጋራዦች በአብዛኛው የክራንክ ፑሊ እየተባለ ይጠራል፤ የዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪ ፓምፑንና የኤሲ ኮምፕረሰሩን ቺንጋ የሚያዞረው እሱ ነውና። ቺንጋ ማዞር ግን ማንኛውም ተራ ፑሊ የሚወጣው ሥራ ነው። ባላንሰሩ የተሠራው ክራንክ ሻፍቱ ሲጠመዘዝና ሲፈታ የሚፈጠረውን ንዝረት ውጦ ወደ ሙቀት ለመለወጥ ነው። ይህ ሥራው ከውጭ ስለማይታይ፣ ፑሊ ሲቀየር የሚለካው ስፋቱና የቺንጋው መስመር ብቻ ይሆናል፤ ጉዳቱ ወራት ቆይቶ በብሮንዚን፣ በዘይት ፓምፕ ወይም በራሱ በክራንክ ሻፍቱ ላይ ሲወጣም መነሻው ፑሊው መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ጉዳዩ በጌዴኦ ዞን እንደሚገኘው ባንኮ ጎቲቲ ባሉ ደጋማ የቡና አገሮች ልዩ ክብደት አለው። እዚያ ሞተርን በከፍተኛ ዙር ማሠራት የፍጥነት ወዳድ ምርጫ ሳይሆን ዳገቱና ከፍታው የሚያመጡት ግዴታ ነው።

የጥምዘዛ ንዝረት

ክራንክ ሻፍት ለዓይን ድፍን ብረት ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የሞላ ጠባይ አለው። አንዱ ሲሊንደር ሲያቀጣጥል ፒስተኑ ቢየላውን ገፍቶ ያንን የክራንኩን ክፍል ወደፊት ያስፈነጥረዋል። በኋላ ጫፍ የታሰረው ከባድ ፍላይዊል ደግሞ ፍጥነቱን በቅጽበት አይለውጥም። ክራንኩ በሁለቱ መካከል ይጠመዘዛል፤ ግፊቱ ሲያልፍ ይፈታል፤ ተፈትቶም ባለበት አይቆምም፣ መሐሉን አልፎ በተቃራኒው ወገን ይጠመዘዛል። መጠኑ የዲግሪ ክፍልፋይ ቢሆንም በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ከፍላይዊሉ የራቀው የፊት ጫፍ ከሁሉ ይበልጥ ስለሚወዛወዝ ማርገቢያው የሚታሰረው እዚያ ነው።

ይህ ንዝረት ሾፌሩ በመሪው ወይም በወንበሩ ላይ ከሚሰማው መንቀጥቀጥ የተለየ ነው። ሞተሩን በጠቅላላው የሚያንቀጠቅጠው የፒስተኖች መውጣትና መውረድ ሲሆን፣ እሱን የሚያስታግሱት የክራንኩ ሚዛን ብረቶች፣ የሞተር ማረፊያ ጎማዎችና በአንዳንድ ሞተሮች ውስጥ ያሉ የሚዛን ዘንጎች ናቸው። የጥምዘዛው ንዝረት ከክራንኩ አይወጣም። ሞተሩ ለጆሮ ጸጥ ብሎ እየሠራ ክራንኩ ውስጥ ውስጡን ሊደክም የሚችለውም ለዚህ ነው።

አደጋው የሚገዝፈው በሬዞናንስ ጊዜ ነው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ጊዜውን ጠብቆ በነካ ቁጥር በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚያደርገው፣ የማቀጣጠሉ ግፊትም ከክራንኩ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ጥምዘዛው እየተደመረ ያድጋል። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ግፊት፣ በ6,000 ዙር ደግሞ 200 ግፊት ይደርስበታል። ከዚህ ዋና ምት በላይ እጥፍ ድግግሞሾችም አሉ፤ የግፊቱ ቅርጽ ስለታም ስለሆነ በአንድ ዙር አራት ጊዜና ስድስት ጊዜ የሚመላለሱ ሐርሞኒኮች አብረው ይወለዳሉ። ክራንኩ በ400 ሄርዝ የሚወዛወዝ ነው እንበል። በዙር ስድስት ጊዜ የሚመላለሰው ሐርሞኒክ በ4,000 ዙር፣ አራት ጊዜ የሚመላለሰው በ6,000 ዙር ላይ ያገኘዋል። ዋናው፣ ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው፣ ለመድረስ 12,000 ዙር ያስፈልገዋል፤ ተራ የመንገድ ሞተር እዚያ አይደርስም። የሐርሞኒኩ ቁጥር ባነሰ መጠን ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ በ4,000 ዙር ዕድሜውን ሁሉ ያለ ችግር የሠራ ሞተር በ6,000 ዙር አካባቢ ደጋግሞ ሲቆይ ሌላ ዓይነት ፈተና ውስጥ ይገባል።

ክራንኩ በረዘመ ቁጥር የተፈጥሮ ድግግሞሹ ይወርዳል፤ ሬዞናንሱም ወደ ዕለታዊ የሥራ ዙር ይጠጋል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የያዙ መኪኖች ሲሠሩ ይህ ችግር ጎልቶ ወጣ። ማርገቢያውን በመፍጠር ረገድ ስማቸው የሚነሣው እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ሮይስና ፍሬድሪክ ላንቸስተር ሲሆኑ፣ ላንቸስተር በ1910 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል።

የባላንሰር ዓይነቶች

በብዛት የሚገኘው ባለ ጎማው ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ክራንኩ ላይ የሚገባው እምብርት፣ በውጭ ያለው ከባድ የብረት ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል የተጣበቀው ስስ የጎማ ንብርብር። ክራንኩ በድንገት ሲፈናጠር ቀለበቱ በክብደቱ ምክንያት ወደኋላ ይቀራል፤ ጎማው በመሐል ተሳስቦ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የቀለበቱ ክብደትና የጎማው ጥንካሬ ለአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ተቃኝተው የሚሠሩ ናቸው። የባለ ጎማው ጥቅምም ጉድለትም ከዚህ ይመነጫል። ለተሠራለት ሞተር ፍቱን ነው፤ ለሌላ ሞተር ግን በመጠን ቢገጥምም በሥራ ላይገጥም ይችላል።

ሁለተኛው ባለ ሲልከን ፈሳሽ ነው። በታሸገ ክብ ሣጥን ውስጥ ነጻ ቀለበት በጣም ወፍራም በሆነ የሲልከን ፈሳሽ ተከብቦ ይዞራል። ሣጥኑ ከክራንኩ ጋር ሲወዛወዝ ቀለበቱ አይከተለውም፤ ፈሳሹ በሁለቱ መካከል እየተፋተገ ንዝረቱን ይበላዋል። ለአንድ ድግግሞሽ ብቻ ስላልተቃኘ በሰፊ የዙር ክልል ይሠራል። በትላልቅ የጭነት መኪና ዲዝል ሞተሮች የተለመደ ሲሆን፣ ፍሉይዳምፐር በሚል ስም የሚሸጠው የአሜሪካ ምርት ይህንኑ አሠራር ለቤንዚን ሞተሮችም አቅርቦታል። ሣጥኑ በመዶሻ ወይም በመውደቅ ከጎደጎደ ውስጡ ያለው ጠባብ ክፍተት ይጠፋል፣ ባላንሰሩም ያበቃለታል።

ሦስተኛው፣ በውድድር መኪኖች ዘንድ የሚታወቀው የኤቲአይ ሱፐር ዳምፐር፣ በተጣበቀ ጎማ ፈንታ ቀለበታማ ጎማዎችን ይጠቀማል። ጎማዎቹ ሲያረጁ ይቀየራሉ፤ ጥንካሬያቸውም እንደ ሞተሩ ይመረጣል።

አራተኛው በገበያ ላይ አብሮ ቢሸጥም ባላንሰር አይደለም፦ ከአንድ ቁራጭ አልሙኒየም የተፈለፈለ፣ ቀለል ያለ፣ ብዙ ጊዜ በቀለም ያሸበረቀ ፑሊ። ሞተሩ ለመርገጫ ቶሎ እንዲነሣ ያደርጋል ይባላል፤ የሚዞረው ክብደት ስለቀነሰ ይህ በመጠኑ እውነት ነው። ፋብሪካው ራሱ ድፍን ፑሊ በገጠመለት ሞተር ላይ ጉዳት የለውም። ባለ ጎማ ባላንሰር ይዞ የተሠራን ሞተር ፑሊ በእሱ መለወጥ ግን ማርገቢያውን ነቅሎ መጣል ነው። የዘይት ፓምፑ በክራንኩ የፊት ጫፍ ላይ በቀጥታ በሚዞርባቸው ሞተሮች፣ ለምሳሌ በቶዮታ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ እና 1ኤንዜድ-ኤፍኢ፣ ያልረገበው ጥምዘዛ መጀመሪያ የሚያገኘው የፓምፑን ጥርሶች ነው። በውድድር ዓለም በንዝረት የተሰበረ የፓምፕ ጥርስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥርሱ ሲሰበር ዘይት ይቆማል፣ ዘይት ሲቆም ሞተሩ በደቂቃ ውስጥ ይነክሳል።

በጌዴኦ ከፍታዎች

ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ የሚገኝ የቡና ቀበሌ ነው፤ ስሙ ወደ ውጭ በሚላከው የይርጋጨፌ ቡና ላይ ተጽፎ ዓለምን ዞሯል። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ መንገድ ዲላንና ይርጋጨፌን ያገናኛል፤ ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ላይ ስትሆን የባንኮ ጎቲቲ ቡና ከ1,900 ሜትር በላይ ይበቅላል። በጥቅምትና በጥር መካከል፣ በቡናው ወቅት፣ በዚህ መሬት ላይ መኪና አያርፍም። እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያና ወደ ማድረቂያ አልጋ፣ የደረቀው ወደ ዲላ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል።

በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፍ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። 1 ሊትር ሞተር ያላት የመጀመሪያዋ ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ በ6,000 ዙር ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ትሰጣለች ተብላ ተሠርታለች፤ እዚህ ከ60 በታች ትወርዳለች። አራት ሰውና ሻንጣ ይዛ ዳገት ስትወጣ የሾፌሩ መላ አንድ ብቻ ነው፦ ማርሽ መቀነስና ዙር መጨመር። ሁለተኛ ማርሽ፣ 4,500 ወይም 5,000 ዙር፣ ለደቂቃዎች ሳይለቀቅ። በውድድር ሜዳ ላይ የሚሮጥ መኪና ከፍተኛውን ዙር ነክቶ ማርሽ ይጨምራል፤ ዳገት የሚወጣ ጭነት ያለበት ሞተር ግን በአንድ ዙር ላይ ተተክሎ ይቆያል። ያ ዙር በአጋጣሚ የሬዞናንሱ ዙር ከሆነ ክራንኩ በጉዞው ሁሉ ይቀጠቀጣል። በዚህ ምክንያት ስለ ከፍተኛ ዙር ባላንሰር የሚጻፈው ነገር ለውድድር መኪና ባለቤት ከሚጠቅመው ይልቅ ለገደብ መንገድ ሾፌር ይበልጥ ይጠቅማል።

ዲዝሎቹም ከጉዳዩ ውጭ አይደሉም። የገጠሩን መንገድ የያዘው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ብዙውን ጊዜ 1ኤችዜድ የተባለውን 4.2 ሊትር ሞተር ይይዛል፤ ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ስለሆኑ ክራንኩ ረጅም ነው፣ የዲዝል የማቃጠል ግፊትም ከቤንዚን የበረታ ነው። ዙሩ ዝቅ ቢልም የባላንሰሩ ሸክም አይቀንስም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የሚሠራው ቅጥቅጥ አውቶቡስም እንዲሁ። ባጃጅ ግን ባለ አንድ ሲሊንደር ናት፤ ክራንኳ አጭርና በቀላሉ የማይጠመዘዝ ስለሆነ ይህን መሣሪያ አትፈልግም።

ምርጫው

ምርጫው የሚጀምረው ከገበያ ሳይሆን ከተወለቀው ፑሊ ነው። በእምብርቱና በቀለበቱ መካከል የጎማ መስመር ካለ የሚተካው ፑሊም ያው ሊኖረው ይገባል። የሞተሩ ኮድ፣ የተወለቀው ፑሊ ክብደት፣ የቺንጋው ጎድጎዶች ብዛት፣ የውጭው ስፋትና የእምብርቱ ጥልቀት ተይዘው ካልተሄደ ሻጩ ያለውን ይሰጣል። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ክብደቱ ነው፤ አሳሳቢውም እሱ ነው። ተመሳሳይ መልክ ያለው ኮፒ ፑሊ ከኦሪጅናሉ በግልጽ ከቀለለ ቀለበቱ ስስ ነው ማለት ነው። ስስ ቀለበት ሌላ ድግግሞሽ ይዞ ይመጣል፤ የሚያረግበውም ክራንኩ የማይጨነቅበትን ዙር ይሆናል። የኩሽና ሚዛን ይህን በአንድ ደቂቃ ይለያል።

ያልተነካ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሞተር ከኦሪጅናሉ ወይም ያንን መለኪያ ጠብቆ ከሚሠራ የታወቀ አምራች አዲስ ፑሊ የተሻለ ነገር አያሻውም። ውድ የውድድር ባላንሰር መግጠም አይጎዳውም፤ ገንዘቡ ግን ለዘይትና ለቺንጋ ቢውል ይበልጥ ያተርፋል። ነገሩ የሚለወጠው ሞተሩ ራሱ ሲለወጥ ነው። ቀላል ፒስተን፣ የተለየ ክራንክ፣ ቀላል ፍላይዊል፣ ወይም ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ከፍ የተደረገ የዙር ገደብ ካለ የክራንኩ ድግግሞሽ ወይም የሚሠራበት ክልል ከቀድሞው ቦታ ይሸሻል፤ ለአሮጌው ድግግሞሽ የተቃኘው ጎማም ዒላማውን ይስታል። ሰፊ ክልል የሚሸፍነው ባለ ሲልከን ፈሳሹ፣ ወይም ጎማው እንደ ሞተሩ የሚመረጥለት ዓይነት፣ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

በከፍተኛ ዙር ሌላም ጥያቄ አለ፦ ፑሊው ራሱ ይበተናል ወይ? የሚዞር ቀለበትን ለመበተን የሚገፋው ኃይል ከዙሩ ጋር በእጥፍ ሳይሆን በካሬ ያድጋል። ዙሩ ከ4,000 ወደ 8,000 ሲደርስ ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። ተራ ቀልጦ የተሠራ ብረት ስንጥቅ ከጀመረው አይታገስም፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ፎርጅድ ብረት ወይም በደንብ የተሠራ ስቲል ነው። በአሜሪካ የኤስኤፍአይ ፋውንዴሽን 18.1 የተባለው መመዘኛ ባላንሰሮችን በከፍተኛ ዙር እየፈተነ እንዳይበተኑ ያረጋግጣል። መለያው የፑሊውን ጥንካሬ እንጂ የንዝረት ማርገብ ብቃቱን አይመሰክርም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው።

ስፋቱ የቀነሰ ፑሊም ይሸጣል። ዲናሞውና የውሃ ፓምፑ ቀስ ብለው እንዲዞሩ በማድረግ ለመኪናው እግር ጎማ ጥቂት ጉልበት ያተርፋል። ለጌዴኦ ዳገት ይህ ምክር አይሆንም። ውሃ በ2,000 ሜትር ከፍታ ወደ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን በግፊት ቢያግዘውም መኪናው በዝግታ ሲወጣ ነፋስ የለም። እዚያ ላይ የውሃ ፓምፑን ማዘግየት ሞተሩን ለቴስታታ ጉርኒሲዮን ወጪ ማዘጋጀት ነው።

አንዳንድ የአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች የክራንካቸውን ሚዛን ከፊሉን በባላንሰሩ ላይ ይጭናሉ። የፎርድ 302 ባላንሰር የቀድሞው ባለ 28፣ የኋለኛው ባለ 50 አውንስ-ኢንች ሚዛን ሲሆን፣ ሁለቱ ቢምታቱ ሞተሩ ወዲያው ይንቀጠቀጣል። በኢትዮጵያ መንገዶች የበዙት የጃፓን ባለ አራት ሲሊንደሮች ሚዛናቸውን በክራንኩ ላይ ስለያዙ ይህ ችግር አያገኛቸውም።

ያገለገለ ፑሊና የጎማ ዕድሜ

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ሞልቷል፤ ዲላ ላይ የሚገጠም ብዙ ዕቃም መነሻው ከዚያ ነው። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ከጥንት የነበረ ልማድ ቢሆንም የቅርብ ጊዜ ሁኔታዎች አጠናክረውታል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በእጅ ያለው ሞተር ረጅም ዕድሜ መኖር አለበት ማለት ነው።

ፍሬቻ፣ በር፣ መስታወት፣ እንዲያውም ካምቢዮ ያገለገለ ቢገዛ ይታያል፣ ይፈተሻል። ባለ ጎማ ባላንሰር ግን ያገለገለ ባይገዛ ይመረጣል። ጎማ በሙቀት፣ በዘይትና በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ብረቱ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ አዲስ ሲመስል ጎማው 20 ዓመት ሊሞላው ይችላል። የደረቀ ጎማ ጥንካሬው ስለሚጨምር ቅኝቱ ይዛባል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻ ከብረቱ ይላቀቅና ቀለበቱ በእምብርቱ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። የተንሸራተተ ቀለበት በዲስትሪቢዩተር በሚሠሩ የቆዩ ኮሮላዎች ላይ ሌላ መዘዝ አለው። የታይሚንጉ ምልክት የተቀረጸው በውጭው ቀለበት ላይ ስለሆነ መካኒኩ በታይሚንግ መብራት አይቶ በትክክል ያስተካከለው ሁሉ ስህተት ይሆናል። ሞተሩ ይከብዳል ወይም ያንኳኳል፤ ካርቡራተሩ ይፈታል፣ ካንዴላው ይቀየራል፣ ችግሩ ግን ከፊት ለፊት ይዞራል።

አገጣጠምና ክትትል

ጎማ ያለበትን ፑሊ በመዶሻ ማውጣትም ማስገባትም አይገባም። ምቱ ጎማውን ይቀደዋል፤ በክራንኩ በኩል አልፎም የግፊት ብሮንዚኑን ይጎዳል። ሲወጣ እምብርቱን በሚይዝ ፑለር ይሳባል፤ የውጭውን ቀለበት የሚጎትት ባለ ሦስት ጣት መንቀያ ቀለበቱን ከጎማው ይነቅለዋል። ሲገባ የክራንኩ አፍንጫና ትንሿ የብረት ቁልፍ ይጸዳሉ፤ የፊት የዘይት ሲል ፑሊው በሚዳስሰው ቦታ ላይ ቦይ ከተቆፈረ አዲስ ሲል ብቻውን ዘይቱን አያቆምም። ቡሎኑ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች ይጠበቃል፤ በግምት የጠበቀ ቡሎን ከላላ ቁልፏን ያላሽቃታል፣ ቀጥሎም የክራንኩን አፍንጫ ይበላል። ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ የግድ ነው።

ፑሊው ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከእምብርቱ ተነሥቶ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጭው ቀለበት የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም ይሰመራል። ከጥቂት ሳምንታት ሥራ በኋላ መስመሩ እምብርቱ ላይ አንድ ቦታ፣ ቀለበቱ ላይ ሌላ ቦታ ከሆነ ቀለበቱ ተንሸራቷል። ሞተሩ ባለበት እየሠራ ከጎን ሲታይ ፑሊው ከተወላገደ፣ ቺንጋው በአንድ ጠርዙ ብቻ እየተበላ ከሄደ፣ ወይም ጎማው ከመሐል ተገፍቶ ወደ ውጭ ከወጣ ፑሊው ቺንጋ ማዞሩን ባያቆምም ይቀየራል። በቡና ወቅት በየቀኑ ጭነት ለሚያወጣ መኪና ይህ ፍተሻ ከጥቅምት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከጥር በኋላ አንድ ጊዜ ቢደረግ ይመከራል፤ ከእጅ ባትሪና ከንጹሕ ጨርቅ በቀር የሚፈልገው መሣሪያ የለም።